የቤንዚኗ ቀስትና የድልድዩ ሴትዮ

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት የሠራሁትን ልናገር። አንድ ሰው እውነቱን ጠየቀኝ፤ ዋሸሁት። በማግስቱ መልሶ ጠየቀኝ፤ መልሼ ዋሸሁት። ሁለቱንም ጊዜ ያልኩት ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «እንደነበረች ናት ጋሼ።» ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። ሦስቱ ቃላት ምን እንዳደረጉ ዛሬ ማታ ትሰማላችሁ።

መብራቱ እንደሆነ አልመጣም። ወፍጮው ቆሟል፤ እህላችሁ ተራ ይዟል፤ እናንተም አብራችሁት ተቀምጣችኋል። ሌላ ምን ሥራ አለን? ቀረብ በሉ። እትዬ ዘሃራ፣ ፋኖሱን ትንሽ ዝቅ አድርጊው። ይህ ታሪክ ብዙ ብርሃን አይወድም።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እናንዬ እባላለሁ። ከላይ ከከተማው፣ ከጋራዡ ነው የመጣሁት። የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሃያ ነበርኩ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ከመካከላችሁ ወደ ከተማ ሲወጣ በድልድዩ የሚሄድ ማነው? እጅ አውጡ እስቲ። አንድም ሰው የለም? ሸጋው፣ አንተስ? በመኪና ከሆነ ትለኛለህ። በመኪናማ ማንም ያልፋል። እኔ በእግር ነው ያልኩት። አየህ፣ እጅህ ወረደ።

በድልድዩ ብትሄዱ ከተማው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በመልካው፣ በወንዙ መሻገሪያ በኩል ብትዞሩ ሦስት ሰዓት። ጤፉ በራስ፣ ልጁ በጀርባ፣ ሦስት ሰዓት። ለምን ትዞራላችሁ? በሉ ንገሩኝ፣ ለምን?

አዎ። የድልድዩ ሴትዮ አለችና።

አለች። በደንብ አውቃታለሁ።

እንግዲህ ስሙኝ። በዚያን ዘመን አንድ ሹፌር ነበር። ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል፤ ጋሽ ቢያድግልኝ። አሁንም አለ፣ ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። ሰውም ትጭናለች፣ ፍየልም ትጭናለች፣ አንዳንዴ ሁለቱንም አቀላቅላ ትጭናለች። ሰውየው መሪ ሲይዝ ሌላ ሰው ነበር። ያፏጫል። በሌሊት ይነዳል። በጉም ይነዳል። «እኔ ከመኪናዬ ስወርድ ነው የምደክመው» ይል ነበር። መሪው ሕይወቱ ነበር፤ ይህን ያዙልኝ።

የዚያች ፒካፕ ዳሽቦርድ ላይ ሦስት ቀስቶች አሉ። አንዷ ፍጥነት ታሳያለች፤ አንዷ የሞተሩን ሙቀት፤ አንዷ ቤንዚን። ሦስቱም በፀሐይ ነጥተው፣ ተሰነጣጥቀው ነበር። የቤንዚኗ እንዲያውም አንድ ቀን ተሰብራ ወድቃ፣ ጋሽ ቢያድግልኝ ራሱ አንስቶ በማጣበቂያ ለጥፏታል። ታዲያ ሲለጥፋት ቦታዋን ስቶ ነው የለጠፋት። ቤንዚኑ ገና እያለ «ባዶ» ትላለች።

እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ጋሽ ሲራጅ ጋራዥ ከገባሁ ሦስተኛ ወሬ ነበር። በከተማው ካቻቢቴ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ነኝ። ሹፌሮቹ የሚሠራ መኪና ይዘው እኔን ለማየት ይመጡ ነበር። «ይህች ልጅ ዳቦ ቤት ስትፈልግ ተሳስታ ነው የገባችው?» ይላሉ። እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። እየሠራሁ ግን እሰማለሁ።

አንድ ሰኞ ጋሽ ቢያድግልኝ ፒካፗን ይዞ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀስቶቹን ለውጪልኝ» አለኝ። «ግን አደራ! የቤንዚኗን እንደነበረች አድርጊልኝ። ባዶ ስትል ገና ስልሳ ኪሎ ሜትር ትወስደኛለች። ለምጃታለሁ።»

«ጋሼ፣ እንደዚያማ ከሆነ ውሸታም ናት» አልኩት።

«ውሸታም ናት» አለ፤ «ግን ውሸቷን አውቀዋለሁ። ውሸቱን የምታውቀው ሰው ጠባዩን ከማታውቀው እውነተኛ ይሻላል።»

ሹፌሮች ሁሉ እንደዚህ ናቸው። የመኪናቸውን ውሸት በቃላቸው ይዘውታል። አንዱ «የኔ ሰማንያ ስትል ስድሳ ነው» ይላል፤ ሌላው «የኔ ሞተር ቀይ ላይ ካልደረሰ አልሞቀም» ይላል። ውሸቱን ብታርምላቸው መኪናውን የቀየርክባቸው ያህል ነው።

እሺ አልኩት። ሄደ።

ቀስት መለወጥ ቀላል ይመስላችኋል? አይደለም። አሮጌዋን ለማውጣት ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሥሯ ግራና ቀኝ ታስገባላችሁ፤ ከታች ጨርቅ ታነጥፋላችሁ፤ ቀስ አድርጋችሁ እኩል ታነሳላችሁ። አንድ ወገን ከቀደመ የተሰካችበት ቀጭን ዘንግ ይጣመማል። አዲሷን መስካት ደግሞ የባሰ ነው። የምትሰካበት ቦታ ላይ የፀጉር ስፋት ብትስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ትዋሻለች።

ጋሽ ሲራጅ ጌታዬ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። «የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ቀስት ምስክር ናት። ምስክር በሐሰት አትቁም፤ እውነቱን ስኪ። ግን ለሰውየው ንገሪው። ወላሂ፣ ሳትነግሪው መኪናው ከግቢ እንዳትወጣ።»

ሠራሁት። ማመን አቅቷችሁ ትስቁ ይሆናል፤ የሙቀቷን ለመለካት በብረት ድስት ውሃ አፈላን። የፍጥነቷን ለመለካት ጋሽ ሲራጅ እየነዱ፣ እኔ ሰዓት ይዤ፣ ከአንዱ የኪሎ ሜትር ድንጋይ እስከ ሌላው ቆጠርኩ። የቤንዚኗን ለመለካት ታንከሩን አራግፌ፣ በጄሪካን እየለካሁ፣ አምስት ሊትር ጨምሬ ቁልፍ እያዞርኩ፣ አምስት ሊትር ጨምሬ ቁልፍ እያዞርኩ፣ ቀስቷን እውነተኛ ቦታዋ ላይ አስቀመጥኳት። በመጨረሻ የነበረውን አሥራ ሁለት ሊትር መለስኩ። ቀስቷ ሩብ ላይ ቆመች። እውነተኛ ሩብ! እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ቢያድግልኝ መጣ። ብቻውን አልመጣም። አራት ሹፌሮች አብረውት አሉ፤ ለመሳቅ የመጡ።

«እህሳ፣ የነካካሽው ነገር አለ?» አለኝ። «ለሴት መኪና የሰጠ ብለው እነዚህ ሊስቁብኝ ነው የመጡት። የቤንዚኗ እንደነበረች ናት?»

አራቱም አዩኝ። አንዱ አፉን በእጁ ሸፍኗል፤ ሳቁ ተዘጋጅቷል።

ጋሽ ሲራጅ ያሉኝን ረሳሁት? አልረሳሁትም። «የለም ጋሼ፣ አስተካክያታለሁ፣ አሁን ባዶ ስትል ባዶ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ያን ቀን ከበደኝ። «ነካክታ አበላሸችው» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

«እንደነበረች ናት ጋሼ» አልኩ።

«ጎበዝ!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ወደ አራቱ ዞሮ፣ «እናንተ የምትስቁባት ልጅ ይህችውላችሁ!» አላቸው። በዚያ ግቢ ውስጥ በሰው ፊት ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ቃሌን ልመልስ?

«ቤንዚን አትቀዳም?» አለው አንዱ።

«ሩብ እያሳየች? ደርሼ እመለስባታለሁ» አለና በድልድዩ አልፎ፣ ከእናንተ መንደር ወዲያ ወዳለው ገበያ ሄደ።

አሁን ጨለማው ሊመጣ ነው። ተጠጉ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እጄን ስታጠብ ሒሳቡ መጣብኝ። አሥራ ሁለት ሊትር። በሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር። ዘጠና ስድስት። መንገዱስ ደርሶ መልስ ስንት ነው? መቶ አንድ። አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ይቆማል። ከከተማው አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ምን አለ?

አዎ። ድልድዩ አለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እሱ እንደሚተርከው ልንገራችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነግሯችኋል፤ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ሐምሌ ነው። ያካፋል። ጨረቃ የለም። ጋሽ ቢያድግልኝ እያፏጨ ይመጣል። ቀስቷ ባዶ ላይ ናት፤ እሱ ግን ስልሳ ኪሎ ሜትር እንዳለው ያውቃል። ከድልድዩ በእናንተ በኩል፣ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው፣ ሞተሩ ሳል ሳል አለው። እንደገና ሳል አለው። ጸጥ።

ቁልፍ አዞረ። አልተነሳም። ክላክስ ነካ፤ ይጮኻል። መብራት አበራ፤ ይበራል። ባትሪው ደህና ነው። ቤንዚኑስ? ቤንዚኑ አለ፤ ስልሳ ኪሎ ሜትር አለ። ታዲያ ምን ነካት? ይህን ጊዜ ነው፣ ይላል፣ ጀርባውን ቀዝቃዛ ነገር የነካው።

ወርዶ በእግሩ ወደ ከተማ ጀመረ። ብቻውን ነው። ድልድዩ ላይ ወጣ።

መጀመሪያ ድምፅ ሰማ። ምን ዓይነት ድምፅ? ቧጭ። ቧጭ። ቧጭ። በቅል ውስጥ እንደሚናጥ ነገር። ከፊት ለፊቱ ነው የሚመጣው። ቆመ። ድምፁም ቆመ። ሄደ። ድምፁም ሄደ።

ቀጥሎ ብርሃን አየ። የባትሪ ብርሃን አይደለም፣ የፋኖስም አይደለም። እንደ ወተት የደፈረሰ ብርሃን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ የሰው ደረት የሚሆንበት ቦታ ላይ።

ቀጥሎ ሸተተው። የሚያቃጥል፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ። «የሲኦል በር ሲከፈት እንደዚያ ነው የሚሸተው» ይላል። ተከፍቶ አይቶታል እንዴ? እኔ እንጃ፣ እሱ ነው የሚለው።

ቀጥሎ ነጭ ነገር ታየው። ሴት ናት። ፊት የላትም፤ ነጠላ ነው ያለው። እግርስ? እግርም የላትም። ከጉልበት በታች ጨለማ ነው። እንዲያው ተንሳፍፋ ትመጣለች። ቧጭ። ቧጭ።

ቀጥሎ ምን ሆነ?

ስሙን ጠራችው።

«ቢያድግልኝ!»

በሌሊት ስም ሲጠራ ምን ይደረጋል? ዝም ይባላል። ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አቤት አይባልም። ዝም አለ።

«ቢያድግልኝ!»

ዝም አለ። አንድ እርምጃ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ሦስተኛ አልጠራችውም። ሦስተኛ ላይ እጇን ዘርግታ እንዲህ አለች፤ «ቆይ! ላንተ ብዬ ነው የመጣሁት!»

አሁን አንተ ብትሆን ሸጋው፣ ትቆያለህ? እሱም አልቆየም። የሮጠውን ሩጫ እትዬ ዘሃራ ታውቃለች፤ በሯን ነው የመታው። አስታወስሽ ዘሃራ? «ክፈቱልኝ፣ ተከትላኛለች!» ሲል፣ «ማናት?» ስትዪው፣ «ሴት ናት!» ሲል፣ «ሴት ከተከተለችህ ምን ያስሮጥሃል?» ያልሽው አንቺ አይደለሽም? እኮ! እስከ ዛሬ ይናደድብሻል።

በማግስቱ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ወጣ። መሪጌታው ከፊት፣ ሼሁ ከጎናቸው፣ ሕዝቡ ከኋላ። መኪናዋ ቆማለች። ማንም አልነካትም። ጋሽ ቢያድግልኝ ገባና ቁልፍ አዞረ።

ተነሳች።

ያች ሌሊት የሞተችው መኪና ተነሳች! ጋሽ ቢያድግልኝ ግን ደስ አላለውም። ዓይኑ ቀስቷ ላይ ነው። ማታ ባዶ ላይ ትቷት የሄደው ቀስት፣ ከባዶ ከፍ ብላለች። በገዛ እጇ። በሌሊት። «ሴትዮዋ ገደለቻት፣ ሴትዮዋ አስነሳቻት» አለ ሕዝቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግር በድልድዩ የሚሄድ ጠፋ።

ታሪኩ እስከዚህ የሱ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን የማውቀው እኔ ነኝ።

ሴትዮዋ እኔ ነበርኩ።

አትጩኹ! ዘሃራ፣ ተቀመጪ። እጄን ንኪኝ፤ ሙቅ ነው አይደል?

ሒሳቡ ሲመጣብኝ አምስት ሊትር ቤንዚን በጄሪካን ይዤ በእግሬ ቁልቁል ወረድኩ። ቧጭ ቧጭ የሚለው ቤንዚኑ ነው። ሽታውም እሱ ነው፤ ክዳኑ አይገጥምም ነበር። ብርሃኑ የእጅ ባትሪዬ ነው፤ ዝናብ እንዳይገባበት ነጠላዬ ሥር ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። እግር የለሽ ያደረገኝ ጥቁር ቦቲ ጫማዬ ነው። ድምፁ ሲቆም የቆመውስ ለምንድነው? እኔም የሱን ኮቴ ሰምቼ ፈርቼ ነው የቆምኩት! ሁለት ፈሪ ድልድይ ላይ ተፋጠን ነበር።

ስሙን የጠራሁት እሱ መሆኑን ገምቼ ነው፤ ሮጦ ሲሄድብኝ እንደገና ተጣራሁ። ባሰበት። መኪናዋን ፈልጌ አገኘኋት፤ ቤንዚኑን ጨመርኩባት። ጠዋት መጥቶ ይነዳታል፣ ነገሩም ያልቃል አልኩ። እሱን ፍለጋ ወደ መንደር ልውረድ? ምን ብዬ? ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ፈራሁ፣ አፈርኩ። ወደ ቤቴ ሄድኩ። ልክሰው ብዬ የጨመርኩት አምስት ሊትር ነው ሰውየውን የጨረሰው።

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሕዝብ ተከትሎታል። በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«ልጄ» አለኝ፤ አንቺ ልጅ አላለኝም፣ ልጄ ነው ያለኝ። «በእናትሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቀስቷ እንደነበረች ናት?»

አዎ ካልኩ መንፈስ አየ። አይደለችም ካልኩ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ይፈታል። ገባችሁ? አንዲት ቃል! ጋሽ ሲራጅ ከቢሯቸው መስኮት ያዩኛል፤ ድምፃችን አይደርሳቸውም፤ ነግራዋለች ብለው ነው የሚያውቁት። ሕዝቡ ያየኛል። ሳልነግረው እንዳላስወጣው አደራ ያሉኝ ሰው ፊት ቆሜያለሁ። ከዚህ ወጥቼ የትኛው ጋራዥ ይቀበለኛል?

«እንደነበረች ናት ጋሼ» አልኩ።

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ወደ ቢሮው ገብቶ በጋሽ ሲራጅ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። «ሽጡልኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዘም።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ጋሽ ሲራጅ አዘኑለትና የጋራዡ ጥበቃ አደረጉት። እንግዲህ አስቡት። ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየቀኑ ጠዋት፣ በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ነው። «እንደምን አደርሽ ኢንጂነር» ይለኛል። እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ» እለዋለሁ፤ ዓይኑን ሳላይ አልፋለሁ።

ታሪኩ ደግሞ በየዓመቱ አደገ። መጀመሪያ የሴት ቁመት ነበረኝ። በአምስተኛው ዓመት ከድልድዩ ረዘምኩ። በአሥረኛው ዓመት የስልክ እንጨት አከልኩ። ከዚያ ክንፍ አወጣሁ። እናንተም ድልድዩ ጫፍ ላይ ንፍሮና ቂጣ ታስቀምጡልኝ ጀመር። አንድ ቀን መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ሠርቼ ስመለስ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ አየሁት። ግራ ቀኝ አየሁ፣ ማንም የለም። ለእኔ አይደል እንዴ የተቀመጠው? በላሁት። ንፍሮው ጨው አንሶት ነበር፣ ማን እንደቀቀለው አላውቅም። በሳምንቱ ስሰማ፣ «ሴትዮዋ ተቀበለች!» ብላችሁ በግ አርዳችኋል። እሱንም ይቅር በሉኝ፤ በጉን ግን አልበላሁም።

ባለፈው ሐሙስ ነው። አንድ ዳሽቦርድ ፈትቼ፣ ማንኪያዎቹን ይዤ ቀስት ሳወጣ፣ ጋሽ ቢያድግልኝ በሩን ትቶ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ኢንጂነር» አለኝ፣ «ሳልሞት አንድ ነገር ልወቅ። ቀስት በገዛ እጇ ከፍ ማለት ትችላለች?»

ማንኪያዎቹን አስቀመጥኩ።

«ሰው ሴትዮዋን የፈራሁ ይመስለዋል» አለ። «ሴትዮዋንስ ዘንድሮም ብትመጣ አናግራታለሁ። እኔ የፈራሁት ቀስቷን ነው። ዓይኔ ያየውን ነገር ማመን ካልቻልኩ ሰው ጭኜ እንዴት እነዳለሁ? አብጃለሁ ብዬ ነው ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት።»

ነገርኩት። እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ነገርኩት።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቀኝ።

«ብርሃኑ?»

«የእጅ ባትሪ ነው።»

«ሽታው?»

«ቤንዚን።»

«እግሯስ?»

«ቦቲ ጫማ ነው ጋሼ።»

«ቦቲ!» አለ ተናዶ። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ለሀገር የተረኩት ስለ ቦቲ ጫማ ነው?»

ልስቅ ነበር። ፊቱን አየሁና ሳቄ ሞተ። ግቢው ውስጥ አንድ ፒካፕ ቆሞ ነበር። ሄዶ ገባበት። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ብዙ ቆየ። ሲወርድ፣ «አሁንማ ዓይኔ የመንገዱን ዳር አያይም። ትናንትና ብትነግሪኝም ዘግይቷል። በማግስቱ ብትነግሪኝ ነበር» አለኝ። አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«ይቅር በለኝ ጋሼ» አልኩት።

«ለራሴ ድርሻ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ቢያንስ እብድ አለመሆኔን ነግረሽኛል» አለ። «ግን የፈራሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በእኔ አፍ ሀገር ነው ያስፈራሽው። ሂጂና ለፈራው ሁሉ ንገሪ። በማታ፣ በእግርሽ፣ ብቻሽን፣ በድልድዩ። እኔ እንደሄድኩት። እኔ አብሬሽ አልመጣም፤ እኔ ካለሁ ሰዎቹ የሚያዩት እኔን ነው።»

ዛሬ አመሻሽ ላይ ከጋራዡ ስወጣ በሩን ከፈተልኝ። ጥቂት ሄድ እንዳልኩ ጠራኝ።

«እናንዬ! አንድ ነገር ረሳሁ። አንቺስ እሺ፣ አንቺ ነሽ። ከኋላሽ የነበረችው ማን ናት?»

«የቷ ጋሼ?»

«አጠር ያለችው። ነጠላሽን ይዛ የምትከተልሽ።»

«ብቻዬን ነበርኩ እኮ!»

አየኝ። አልሳቀም። በሩን ዘጋው።

ይህን ያለኝ እውነቱን ነው? ወይስ ሃያ ሁለት ዓመቱን በአንዲት ማታ ሊያስከፍለኝ ነው? እኔ እንጃ። እናንተ ፍረዱ። እኔ የማውቀው ድልድዩ መሐል ስደርስ የሆነውን ነው። ከኋላዬ ነጠላዬ ሳብ ተደረገ። ቆምኩ። ነፋስ የለም። ሽቦም የለም፣ እሾህም የለም። አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሳብ!

ዞሬ አላየሁም። ማን ያያል?

ስገባ ለምን ትንፋሽሽ ተቆራረጠ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ዳገቱ ነው አልኳችሁ። ከከተማ ወደዚህ ምን ዳገት አለ? ሁሉም ቁልቁለት ነው። ይኸው፣ ዛሬም ዋሽቻችኋለሁ፤ የመጨረሻዬ ይሁን።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ከነገ ጀምሮ በድልድዩ ሂዱ። መንገዱ የናንተ ነው፣ ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ግን ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔም ዛሬ እዚሁ ነው የማድረው፤ ጠዋት የሚሸኘኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እህል ተሸክማችሁ በመልካው ለዞራችሁ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ በዚያ በረጅሙ መንገድ ላወጣችሁ፣ ልጆቻችሁን በእኔ ስም እያስፈራራችሁ ላስተኛችሁ ሁሉ፤ አንዲት ቃል መናገር ስችል ያልተናገርኩት እኔ ነኝ። እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።